«ወንድሜ ከቤት አልወጣም አለኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኮዬ ፈጬ ነው። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፣ ለሳኝ ነበር። ከእርብራብ ላይ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፣ አያንቀሳቅስም። ዊልቸር ተገኝቶለት ነበር፣ አሁን የልብስ መስቀያ ሆኗል። እንኳን ኢድር ሊሄድ ጎረቤት ለቡና ሲጠራው «ተኝቷል በሏቸው» ይለኛል። ዳይፐር ነው የሚጠቀመው። ሰሞኑን ውኃ መጠጣትም ቀንሷል። ቤታችን ኪራይ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ይነሣ ይሆን? ምን ላድርግለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከባዱን ላስቀድም። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ የሚመለስ ነገር ካለ አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ዓመት አልፎት ስሜትም እንቅስቃሴም ከሌለ ተነሥቶ የመሄድ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ሳልመረምረው እርግጡን አልናገርም፣ ግን «አይዞሽ ይነሣል» ብዬም አላታልልሽም። ጸበሉን አልከለክልም። ብቻ ድንጋይ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ ሳይሰማው ይቆስላል።

አሁን ወደ ውኃው። ለምን የቀነሰ ይመስልሻል? ሽንቱ እንዳያመልጠው ነው። ከቤት ያስቀረው ከእግሩ ይልቅ ይሄ ይመስለኛል። እኔ ጋ የሚመጡትም ቤተሰብ ከክፍሉ ሲወጣላቸው ነው ድምፃቸውን ቀንሰው «ሰው መሃል ብሸትስ?» የሚሉኝ።

መላ አለው። ብዙ ሰው በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ካቴተር የሚባል ቀጭን የሽንት ቱቦ ራሱ አስገብቶ ሽንቱን ያወጣና ካቴተሩን መልሶ ይነቅለዋል። እጁ ደህና ስለሆነ እሱም ይለምደዋል፣ ግን ነርስ በአካል ታሳየው። ውኃ መቀነስ ለኢንፌክሽንና ለጠጠር ያጋልጠዋል። ሰገራም ሰዓት ይለምዳል፦ ቁርስ በልቶ ትኩስ ነገር ከጠጣ በኋላ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ሁሌ በዚያው ሰዓት ይቀመጥ። ሳምንታት ይፈጃል።

ከዚያ ልብሱን ከዊልቸሩ ላይ አንሺ። መቀመጫው ደህና ትራስ ይፈልጋል። መሃሉ ክፍት የሆነው ክብ ጎማ ግን አይሆንም፣ ጠርዙ ደም ያፍናል። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ ቂጡን ከፍ ያድርግ፣ ማታ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። በየቀኑ በስልክሽ ወገቡን፣ መቀመጫውንና ተረከዙን ፎቶ አንሥተሽ ራሱ ይየው። የጠቆረ፣ የጠጠረ ወይም የሞቀ ቦታ ካለ እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ጎን አይቀመጥም፣ አይተኛም።

ሲበርድ ከሰል አታስጠጉለት። አንድ በሽተኛዬ እግሩን ሲያሞቅ ጣቱ መቃጠሉን ያወቀው ካልሲው ሲሸተው ነው።

እነዚህን ነገሮች ትንሽ እንዳትያቸው። ድሮ እንዲህ የተጎዳ ሰው የሚሞተው በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል፣ በሽተኞቹን በሰዓቱ እያስገላበጠ፣ ሽንታቸውን እየተከታተለ ሕይወታቸውን አተረፈ። በ1948 ደግሞ በዊልቸር ላይ ሆነው ቀስት እንዲወዳደሩ አደረጋቸው። ፓራሊምፒክ የመጣው ከዚያ ነው።

ቤቱን በተመለከተ፣ ኪራይ ከሆናችሁ ግራውንድ ፈልጉ። ከማዝለት ከማንኛውም መድኃኒት በላይ ይጠቅመዋል። ሦስት ፎቅ በሰው ትከሻ መውረድ አንዴ ይቻላል፣ በየቀኑ ግን ማንም ሰው ያፍራል።

ኢድሩ ላይ «ና ተጫወት» ብቻ ካሉት አይሄድም። ሥራ ይስጡት። ለሳኝ አይደል? ካሬ ሲያሰላ ነው የኖረው። መዝገቡን ይያዝ፣ ስም ይጥራ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። ከመውጣቱ በፊት ሽንቱን በካቴተር ያውጣ፣ ትርፍ ሱሪም በቦርሳ ይያዝ። ሱሪዋን ላያወጣት ይችላል፣ መኖሯ ግን ልቡን ታሳርፈዋለች።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የደፈረሰ ሽንት ወይም የተከፈተ ቁስል ካየሽ ነገ አትበይ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ከነጭራሹ መኖር ሰለቸኝ ካለም እንደዚያው።

የመጨረሻዋ ለወንድምሽ ናት፣ አንቺ ዝለያት። ወንድሜ፣ ትዳርና ልጅ አበቃለት ብለህ ከሆነ ቸኩለሃል። መድኃኒትም ሌላ ዘዴም አለው። ስትመረመር እህትህን ውጭ አስቀምጠህ ሐኪሙን ጠይቀው።