ጥያቄና መልስ፦ ዝነኛ ሰው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነቱን ይፋ ሲያደርግ ተራው ሰው ምን ያገኛል?

አወያይ፦ የዛሬ ማታ እንግዳችን በዚህ ቡድን ስለ ሚዲያ ተጽዕኖና ስለ አመለካከት ጥናት በመጻፍ የምታውቁት ሚዛን ነው። ጥያቄ በአጭሩ። ስድብ ይሰረዛል።

ሚዛን፦ ሳንጀምር ሁለት ነገር። የማንንም ስም እየጠራችሁ «እሱም እኮ ነው ይባላል» አትበሉኝ፣ አልመልስም። ሌላው፣ ጉዳዩ በወንጀል በሚያስጠይቅበት አገር ያላችሁ ሰዎች ከዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ነገ አንድ ነገር እንዳታደርጉ። የምጠቅሳቸው አብዛኞቹ ምሳሌዎች የሕግ ከለላ ካለበት ቦታ የመጡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጎህ፦ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ቁርጡን ንገረን።

ሚዛን፦ ማንን? ተደብቆ የሚኖር የ16 ዓመት ልጅ፣ የልጁ አባት፣ ቀጣሪውና ሕግ አውጪው አንድ ሰው አይደሉም። ልጁ «ብቻዬን አይደለሁም» ይላል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባትየው ግን ዘፋኙን ስለወደደ ልጁን ይቀበላል ማለት አይደለም። ቀጣሪው ደግሞ ሕግ ካላስገደደው ዜናውን ሰምቶ ያልፋል። ጥያቄያችሁን ለይታችሁ አምጡ።

ቀለም፦ ጋሽ ሚዛን፣ የአሜሪካዊቷን ኮሜዲያን የኤለን ዲጄነረስን ነገር ቢያብራሩልን? «ከእሷ በኋላ ሁሉ ነገር ተቀየረ» ይባላል።

ሚዛን፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ኤፕሪል 1997 በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥታ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኗን ተናገረች። በዚያው ወር በ30 ደግሞ በምትሠራው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ ገጸ ባሕሪዋ ይፋ አደረገች። 42 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ይተርካል።

የማይተረከው ይኸውላችሁ። በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ያለው፣ ፕሮግራሙን የሚያቀርበው የኤቢሲ ቴሌቪዥን አጋር ጣቢያ «አላስተላልፍም» አለ። የከተማው ሰዎች ታዲያ ሥርጭቱን በሳተላይት አስቀብለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው አዩት። ከ42 ሚሊዮኑ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ያ አዳራሽ ነው። በገዛ ከተማቸው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ ሰው እያያቸው ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያስ? ኤቢሲ በቀጣዩ የሥርጭት ዘመን ከፕሮግራሙ በፊት ለወላጆች ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ጀመረ፣ በ1998 ፕሮግራሙ ተሰረዘ። እሷ በ2003 ቶክ ሾው ይዛ ተመለሰች፣ ገንዘቡም ዝናውም ነበራትና። ተራው ሠራተኛስ? በመላው አሜሪካ ሰውን በፆታ ዝንባሌው ወይም በፆታ ማንነቱ ምክንያት ከሥራ ማባረር ሕገወጥ ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ጁን 2020 ነው። 23 ዓመት ቆጥሩ። ከሳሾቹም ዝነኞች አልነበሩም፦ አንዱ የክላይተን ካውንቲ የሕጻናት ደኅንነት ሠራተኛ፣ ሌላው የፓራሹት ዝላይ አሠልጣኝ፣ ሦስተኛዋ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ሠራተኛ የነበረች ትራንስጀንደር (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው የተለየ የፆታ ማንነት ካላቸው ሰዎች አንዷ) ሴት። ሁለቱ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት አርፈዋል። ሕጉን በጀርባቸው ተሸክመው ፍርድ ቤት ያደረሱት እነሱ ናቸው።

ነፋስ፦ ቲም ኩክስ? በ2014 ሲናገር የአፕል ሥራ አስኪያጅ ነበር። ማን ምን ያደርገዋል? ምንም አደጋ የሌለው ጀግንነት!

ቀለም፦ አደጋ ባይኖረውም ዝም ማለት ይችል ነበር እኮ። የቢሮ ጸሐፊ የሆነች አንዲት ሴት አለቃዋ ፊት ስትቆም ይህ አይረዳትም?

ነፋስ፦ በምን? አለቃዋ ቲም ኩክ ነው?

ቀለም፦ አንተ ሁሉንም ነገር በገንዘብ ነው የምትመዝነው።

ነፋስ፦ አንቺ ደግሞ በጭብጨባ።

ሚዛን፦ ሁለታችሁም ተዉት። ነፋስ፣ አደጋው ማነሱ ትክክል ነው። ግን የአደጋው መጠንና የጥቅሙ መጠን አንድ አይደሉም። ቀለም፣ አንቺ ያልሽው እንዲሠራ የጸሐፊዋ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ያስፈልገዋል። ቀጥሎ።

ደረጀ፦ እገሌ የሚባለው ተዋናይም ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?

ሚዛን፦ አልኩ እኮ። አልመልስም። አወያይ፣ ስሙን አጥፋልኝ።

ለምን እንደምከለክል ላልገባችሁ፦ የቴኒስ ተጫዋቿ ቢሊ ጂን ኪንግ በ1981 ሳትፈልግ በክስ ምክንያት ተጋለጠች፣ የማስታወቂያ ውሎቿ በአንድ ቀን ውስጥ ረገፉ። እሷ የዊምብልደን ሻምፒዮን ነበረች። በ2010 ደግሞ አንድ የኡጋንዳ ጋዜጣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ናቸው ያላቸውን ሰዎች ፎቶና አድራሻ «ስቀሏቸው» ከሚል ጽሑፍ ጋር አወጣ። ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 2011 ለሦስቱ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1.5 ሚሊዮን የኡጋንዳ ሺሊንግ ካሳ ወሰነላቸው። ከከሳሾቹ አንዱ ዴቪድ ካቶ በዚያው ወር መጨረሻ ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ካሳ ከመጋለጥ በኋላ ይመጣል፣ መጋለጥን ግን አይመልስም። ራስን ይፋ ማድረግና በሌላ ሰው መጋለጥ በአንድ ስም አይጠሩ።

ሰናይ፦ ይሄ ሁሉ የምዕራባውያን ነገር ነው። አፍሪካዊ ዝነኛ የለም።

ሚዛን፦ ቢንያቫንጋ ዋይናይና፣ ኬንያዊ ደራሲ፣ ጃንዋሪ 2014። ናይጄሪያ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ጠንካራ ሕግ ባወጣችበት ወር ነው ስለ ራሱ የጻፈው። ቀጥሎ።

ሰናይ፦ አንድ ሰው ነው የጠቀስከው!

ሚዛን፦ «የለም» ያልከው አንተ ነህ።

ሜዳ፦ ዝነኛን ማየት የሰውን አመለካከት በእርግጥ ይቀይራል? ጥናት አለ?

ሚዛን፦ እዚህ ላይ ልቆይ። ነገሩ የሚጀምረው ከሥነ ልቦና ምሁሩ ከጎርደን ኦልፖርት ነው፣ 1954። ሁለት ወገኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው አራት ነገር ሲሟላ ነው አለ፦ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብር፣ የተቋም ድጋፍ። አሁን ዝነኛውን በዚህ ለኩት። እኩል ደረጃ የለውም። አብረኸው አትሠራም፣ እሱ አያውቅህም። ስለዚህ ተመልካቹ «እሱ እንኳ የተለየ ነው» ብሎ ዝነኛውን ለብቻው ያወጣውና ለሌሎቹ ያለውን አስተያየት እንደነበረ ይተወዋል። ብልሽቱ ያለው እዚህ ነው።

ያም ሆኖ በስክሪን የሚፈጠር የአንድ ወገን ትውውቅም ይሠራል፣ ግን በድግግሞሽ። ከሌላ ዘርፍ ጥሩ ማስረጃ አለ፦ መሐመድ ሳላህ ሊቨርፑል ከገባ በኋላ በአካባቢው የጥላቻ ወንጀል ይጠበቅ ከነበረው 16 በመቶ እንዳነሰ በ2021 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሳላህ ግን በአንድ መግለጫ አልመጣም። በየሳምንቱ ጎል አገባ፣ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ሰገደ፣ ደጋፊውም ከእሱ ጋር የጋራ ግብ ነበረው፣ ማሸነፍ። አንድ ቀን ቃለ ምልልስ ሰጥቶ ከሚጠፋ ሰው ይህን አትጠብቁ።

ሦስተኛው ፊት ለፊት መነጋገር ነው። በ2016 የታተመ የማያሚ ሙከራ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ የተደረገ የ10 ደቂቃ ያህል ጭውውት ውጤቱ ቢያንስ ለ3 ወር መቆየቱን አሳየ። አካሄዱ፦ አስተያየቱን ጠይቅ፣ አትፍረድ። ቀጥለህ «ከሌላው በመለየትህ ብቻ የተፈረደብህ ጊዜ አለ?» በለው፣ ይናገር። ከዚያ ያንን ከጉዳዩ ጋር እንዲያያይዘው ተወው። በስተመጨረሻ አስተያየቱን መልሰህ ጠይቅ። የሚበላሸው ጠያቂው ስታቲስቲክስ መደርደር ሲጀምር ነው። በ2014 የወጣውን ተመሳሳይ ጥናት አትጥቀሱብኝ፣ በ2015 ተሰርዟል። አሁንም የሚያጋሩት አሉ።

ሜዳ፦ በወንዶች እግር ኳስ ለምን እንዲህ ጥቂት ሆኑ?

ሚዛን፦ ጀስቲን ፋሻኑ 1990፣ ጄክ ዳንኤልስ 2022። በእንግሊዝ በመካከላቸው እየተጫወተ የተናገረ ፕሮፌሽናል የለም። 32 ዓመት። የመጀመሪያው የደረሰበትን መገለል ሁሉም ስላየ ነው። ዝነኛ ሲቀጣ ታይቶ ተራው እንደሚደበቅ የምታዩበት ምሳሌ ይኸው።

ምዕራፍ፦ የተናገረ ዝነኛ ምን ቢያደርግ ይሻላል?

ሚዛን፦ ካርል ናሲብን ተመልከቱ፣ ጁን 2021። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው፣ ቪዲዮው አጭር ነበር። በዚያው ቪዲዮ ለትሬቨር ፕሮጀክት 100,000 ዶላር እንደሚሰጥ ተናገረ። ድርጅቱ ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ወጣቶች የስልክ መስመር ያለው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። ልጁ ቪዲዮውን አይቶ ሲያበቃ የሚደውልበት ቦታ አገኘ። መግለጫውና አገልግሎቱ በአንድ መልዕክት ይምጡ፣ በማግስቱ ከሆነ ግማሹ ሰው ሄዷል። «እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ» ደግሞ አይባል። እሱ ጠበቃ አለው፣ ቤት አለው። ልጁ የአባቱ ቤት ነው ያለው።

ጎህ፦ እሺ፣ አንድ ዝነኛ ተናገረ እንበል፣ ቤት ውስጥ ወሬው ተነሳ። ያኔ አጋጣሚውን ተጠቅሜ ልናገር?

ሚዛን፦ በዚያ ሳምንት አይደለም። አድምጥ። ማን ምን እንዳለ ልብ በል፣ ግን ቤተሰብ ስለ ሩቅ ሰው ለስለስ ብሎ ስለ ልጁ ሲናደድ ያጋጥማል፣ ስለዚህ የሰማኸውን በግማሽ ቀንስ። በቅደም ተከተል፦ ቤት ቢዘጋብህ የምታድርበት አለ? የትምህርት ክፍያና የስልክ ገንዘብ ያለ እነሱ አለህ? መታወቂያህና ሰነዶችህ በእጅህ ናቸው? ለአንዱም «የለም» ካልክ ቆይ። ሁሉም ካለ ከአንድ ሰው ጀምር፣ ምስጢር ጠባቂነቱን በሌላ ጉዳይ ካየኸው። በጽሑፍ አይሁን፣ ስክሪንሾት ይዞራል። በጠብ መሐል አይሁን፣ መጠጥ ባለበት አይሁን። ሕጉ ወንጀል በሚያደርግበት አገር ካለህ መግቢያ ላይ ያልኩትን ተመልሰህ አንብብ።

ቀለም፦ ትራንስ ለሆኑስ ይኸው ነው? ተዋናዩ ኤልየት ፔጅ…

ሚዛን፦ አይደለም። የሰነድ ስም፣ የፆታ መግለጫ፣ ሕክምና ይገባበታል። ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ጋብዙ።

ነፋስ፦ አየርላንድስ? ሚኒስትሩ ሊዮ ቫራድካር ጃንዋሪ 2015 ተናገረ፣ ሜይ ላይ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሕዝበ ውሳኔው በ62 በመቶ አለፈ። ይኸው ሠራ!

ሚዛን፦ ቀዳሚ መሆንና ምክንያት መሆን ይለያያል። በዚያ ዘመቻ ስንት ሰው ከቤት ቤት እየዞረ በር አንኳኳ? ሚኒስትሩ ወሬውን አስነስቶ ሊሆን ይችላል፣ ድምፁን ግን እናትና አክስት ናቸው የሰጡት።

ነፋስ፦ ስለዚህ ጠቅሟል ማለት ነው።

ሚዛን፦ ለበር አንኳኪው፣ አዎ።

ደረጀ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። በአጭሩ ዝነኞች መናገራቸው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?

ሚዛን፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ወደ ላይ ውጣ።