«ቀለሙ ይቀላል» ሲባል ቀላ ነው ወይስ ቀለለ?

ጥያቄ፦ «ለውሃ ላቦራቶሪ ጀማሪ ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ። የፍሎራይድ ምርመራው ላይ "ፍሎራይድ ሲበዛ ቀለሙ ይቀላል" ብዬ ጻፍኩ። ይሳሳል ማለቴ ነበር። አንድ ሠልጣኝ ግን ቀይ ይሆናል ብሎ ተረድቶ ውጤቱን ገልብጦ መዘገበው። ጥፋቱ የማን ነው? ደግሞስ ቀለማቸውን ቀይረው ውጤት የሚያሳዩትን እነዚህን ኬሚካሎች ፕሮብ፣ ጠቋሚ ወይስ አመልካች ልበላቸው?»

መልስ፦ እርስዎ የጻፉትም፣ ልጁ ያነበበውም ደህና አማርኛ ነው። «ላ»ን ጠበቅ አድርገው ካነበቡት «ይቀላል» የቀለለ ነው፤ ሸክም ይቀላል፣ ሥራ ይቀላል። ላላ አድርገው ካነበቡት ደግሞ የቀላ ነው፤ ዓይን ይቀላል፣ ፊት ይቀላል። አንገት የሚቀላውም ከላላው ወገን ነው፤ እሱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ሲነገር ጆሮ ይለየዋል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንዳንድ የትምህርት መጻሕፍት ፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት ግን ማንም ያን ያህል አይጨነቅም።

ብዙ ጊዜ ዐውዱ ያድነናል። «ሻንጣው ይቀላል» ቢባል ሻንጣው ቀይ ሊሆን ነው ብሎ የሚያስብ የለም። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ግን ክፉ ቦታ ላይ ወደቀ። ነገሩ የቀይ ቀለም ጉዳይ ነውና ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል።

ምርመራው ስፓድንስ በሚባለው ቀለም የሚሠራው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስፓድንስ ዚርኮኒየም ከሚባለው ብረት ጋር ሲጣመር ቀይ ነው። ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ሲጨመርበት ፍሎራይዱ ዚርኮኒየሙን ይነጥቀዋል፤ ሁለቱ የሚፈጥሩት ውህድ ቀለም የለውም። ስለዚህ ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር ቅላቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከሁሉ ቀልቶ የሚታየው ምንም ፍሎራይድ የሌለበት ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው። ጀማሪ የሚጠብቀው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የሚፈለገው ነገር ሲበዛ ቀለሙም እንዲደምቅ። ሠልጣኙ «ይቀላል»ን ሲያይ የጠበቀውን አገኘ፤ እኔ አልፈርድበትም። ቀለሙን በመሣሪያ ለሚለካ ቁጥሩ ያርመዋል። በዓይን ለሚያወዳድር ግን መመሪያው ነው ዓይኑ።

ነገሩ ደግሞ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ፍሎራይድ ውሃ ውስጥ በዓይን አይታይም። ማኅበረሰቡ የሚያውቀው የልጆች ጥርስ ሲበልዝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

አሁን ወደ መላው። ሁለቱ ግሦች በጽሑፍ የሚምታቱት በአብዛኛው እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ መጨረሻቸው ላይ «አል» ሲገባ። «ይቀላ» ከ«አል» ጋር ሲገናኝ ይቀላል ይሆናል። «ይቀል»ም ከ«አል» ጋር ሲገናኝ እዚያው ይደርሳል። «አል»ን ካነሡት ግን ፊደሉ ራሱ ይለያቸዋል፦ ሲቀላ እና ሲቀል፣ የሚቀላ እና የሚቀል፣ አይቀላም እና አይቀልም፣ ቀልቶ እና ቀልሎ። መጠርጠር ሲጀምሩ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አሉታ ወይም ወደ «ሲ» አዙረው ይሞክሩት።

ይህን ሁሉ ግን ሠልጣኝ ላይ አልጭንም። መመሪያ ላይ «ቀይ ይሆናል» እና «ይደበዝዛል» ብለው ይገላገሉ። «ይለቃል»ንም አልመክርም። ቀለም ለቀቀ ስንል ነጠላችን ከሌላ ልብስ ጋር ታጥቦ የደረሰበት ነው ትዝ የሚለን፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀለሙ ወደ ውሃው ወጣ ተብሎ ሊወሰድ ይችላል።

ክሎሪን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ለክሎሪን ምርመራ የሚውለው የዲፒዲ ክኒን ክሎሪን ባለበት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ክሎሪኑ ሲጨምር ሮዙም ይደምቃል። እዚህ አቅጣጫው ቀጥ ያለ ነው። ታዲያ ክሎሪኑ ከመጠን በላይ ከሆነ ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል። ውሃው ጥርት ብሎ ይቀራል። «ሮዝ ካልሆነ ክሎሪን የለም» ብለው ከጻፉ፣ ጋኑ ውስጥ ክሎሪን በባልዲ የተደፋበትንም ውሃ «የለም» ሊያሰኙት ነው። «ቀለም አልታየም» ይበሉ፤ ቀጥሎም ናሙናውን በዲስቲልድ ውሃ አቅጥነው ይድገሙት። «አልታየም» ያየነውን ብቻ ይናገራል። «የለም» ግን ፍርድ ነው። የሽንትና የደም ውጤት ላይም ይህን ልዩነት ብንጠብቅ ደስ ይለኛል፤ «ነጻ ነህ» የሚለው አነጋገራችን በጣም ይቸኩላል።

ስለ ስማቸው አጭር ነኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ለመመርመሪያው ኬሚካል «ሪኤጀንት»፣ ለተሟላው የምርመራ ዕቃ ደግሞ «ኪት» ነው የሚባለው፤ እሱን አይንኩት። በቀለሙ ነገሩን ለሚያሳውቀው «አመልካች» ይበቃል። «ጠቋሚ» ትርጉሙ ልክ ነው፤ በእኔ ትውልድ ጆሮ ግን ጎረቤቱን ለቀበሌ የሚያሳብቀውን ሰው ስለሚያስታውስ እሸሸዋለሁ። «ፕሮብ»ን ሴል ውስጥ ገብተው በብርሃን ለሚናገሩት ይተዉላቸው፤ ሲጠቀሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሠሩ ይግለጹ፤ ከዚያ በኋላ በስማቸው ይጥሯቸው።

እነሱ ጋ ሲደርሱ ግን «ይበራል» ይጠብቅዎታል። ኬሚስቱ ሮጀር ቼንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከሠሯቸው የካልሲየም ፕሮቦች አንዱ ፍሉኦ-3 ነው። ካልሲየም እስኪይዝ ድረስ ጨለማ ነው ማለት ይቻላል። ሲይዝና ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ይህን «ካልሲየም ሲይዝ ይበራል» ብለው ቢጽፉት የበራ ነው የበረረ? ሴል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሞለኪውል ነውና በረረ ብሎ የሚያነብም አይጠፋም። እዚህም መላው ያው ነው፤ ሲበራ እና ሲበር በፊደል ይለያያሉ። እኔ ብሆን «ብርሃን ይሰጣል» ብዬ አልፈዋለሁ።