መዝገብ ቤቱ «ይርጋ አልፎታል» ብሎ ክሴን መለሰው

ጥያቄ፦ የጅማ ነዋሪ ነኝ፤ የምተዳደረው በቡና ንግድ ነው። በ2004 ዓ.ም. ለአንድ ወዳጄ 180,000 ብር በጽሑፍ ውል አበደርኩት፤ መክፈያው መስከረም 2005 ነበር። ሐምሌ 2010 ላይ «ከብድሩ ላይ ይታሰብልኝ» ብሎ 40,000 ብር በባንክ አስገባልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጨርሶ የለም። ክስ ይዤ ፍርድ ቤት ብቀርብ መዝገብ ቤት ያለው የጉዳይ ፍሰት ባለሙያ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ይርጋ» (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ አልፏል ለማለት) ብሎ ጻፈና «በሽማግሌ ጨርሱ» ብሎ መለሰልኝ። ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው?

መልስ፦ የለውም። በእርሳስ የተጻፈችው ያች ቃል ፊርማም ማኅተምም ስለሌላት ይግባኝ እንኳ ሊሉባት አይችሉም፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

የጉዳይ ፍሰት ባለሙያም ይባል ሬጅስትራር፣ ሥራው ክሱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 እና 223 መሠረት መሟላቱን ማየት፣ የዳኝነት ክፍያ መከፈሉን ማረጋገጥ፣ መጥሪያ ማውጣት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ መዝገቡን ለችሎት ማድረስ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ክስዎ በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ «አስተካክለው ይምጡ» ማለቱ ተገቢ ነበር። ይህ ሥራ ቀላል አይደለም፤ መዝገብ የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ሰዎች ትጋት ነው። ክሱ የሚያስከስስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን በቁጥር 231 የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። የዳኝነት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የተሰጠው ለፍርድ ቤቶች ብቻ ነው።

ይርጋ ደግሞ ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 የሚያነሳው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት የሚቀርብ ተቃውሞ ነው። ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ ሊያነሳው እንደማይችል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ይናገራል። ለዳኛ ያልተፈቀደውን ነው እንግዲህ ባለሙያው መስኮት ላይ ቆሞ ያደረገው።

በዚያ ላይ ቆጠራውም ልክ አይደለም። በቁጥር 1845 ይርጋው 10 ዓመት ነው፤ ከመስከረም 2005 ብቻ ከተቆጠረ 2015 ላይ አልቋል። ነገር ግን ባለዕዳው ከዕዳው ከፊሉን ሲከፍል ዕዳውን ማመኑ ስለሆነ፣ በቁጥር 1851 ይርጋው ይቋረጥና እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ጊዜዎ እስከ ሐምሌ 2020 ነው። ይህን የሚያስረዳልዎ የባንኩ ደረሰኝ ነውና ከብድር ውሉ ጋር በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡት፤ «ለብድር» የሚል ቃል ካለበት በጣም ጥሩ።

አሁን ክሱን በንጹሕ ወረቀት አሳትመው ይመለሱ። አሁንም አልቀበልም ካለዎት ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ እንዲፈርምበት በትሕትና ይጠይቁ፤ እምቢ ቢል በዚያው ቀን ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አቤቱታ ያስገቡ። ኮፒ ሳያስቀሩ ምንም ወረቀት አይስጡ።

ሽምግልናውን አልጠላም፤ ግን በፈቃድዎ እንጂ በግዴታ አይሆንም። ሽማግሌ ፊት መቀመጥ ብቻውን ደግሞ ይርጋ አያቋርጥም። ወዳጅዎ ቀሪው 140,000 ብር እንዳለበት አምኖ በጽሑፍ ከፈረመልዎ ግን ይርጋው ያኔም እንደገና ይጀምራል፤ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙበት።