ጉማራ ዳር ያለ ማሳና ወደ ላይ የሚወጣው ነጭ ዓሣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፎገራ ውስጥ ጉማራ ዳር ሩዝና ሽንኩርት የማመርትበት መሬት አለኝ። ወንዙ በየክረምቱ ዳሩን እየገመሰ ይወስድብኛል። ድሮ በክረምት እንደ ልብ የነበረው ነጭ ዓሣም ተመናምኗል። ጎረቤቶቼ አፈር ቆልለን ጎርፉን እንዝጋ፣ ወንዙንም እናቅና ይላሉ። ሌሎቹ ዳሩን ለወንዙ እንተውለት፣ ዓሣውም ይመለሳል ባዮች ናቸው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኞቹ ወደ እውነቱ ይጠጋሉ፤ ሆኖም ዳሩን መተው ብቻውን ዓሣ አይመልስም። መጀመሪያ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር በእርስዎ መሬት በኩል ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ይታወቅ።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዝርያ አይደለም። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ ኖረው፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም ማብቂያ ድረስ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ከሜዳው በላይ ባሉት ገባሮች፣ ጥልቀት በሌለው ፈጣን ውኃ ውስጥ፣ ጠጠር ላይ ነው። የእርስዎ ማሳ ያለበት ቦታ ለነጭ ዓሣ መተላለፊያ ነው። እዚያ ጠጠር አምጥቶ መድፋት ገንዘብ መድፋት ነው።

የላይኛውን ጠጠር በተመለከተ ከላይ ካሉት ቀበሌዎች ጋር መነጋገር ግድ ይላል። እንቁላሉ በጠጠሩ መሃል ገብቶ የሚቀመጥ በመሆኑ በዚያ ክፍተት ውኃ ካልተላለፈ ይታፈናል። ለመመርመር ከወንዙ ወለል አንድ ሁለት እፍኝ ጠጠር ዛቅ አድርጎ በባልዲ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው፤ ውኃው ጭቃ ከሆነ ችግሩ ከተራቆተው ተዳፋት የሚመጣው ደለል ነው፣ መፍትሔውም እርከን ነው። ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ተጭኖ እያለቀ ከሆነ ግን እርከን አያድነውም፤ መጀመሪያ ማስቆም ያለባችሁ ጫኚዎቹን ነው።

ወደ እርስዎ እንመለስ። በበጋ ለመስኖ ውኃ የምትጠልፉበት የድንጋይና የጆንያ ከተራ ሰኔ ሳያልቅ ይፍረስ። ጎርፉ ራሱ ያፈርሰዋል ብላችሁ አትተዉት፤ ዝናቡ በዘገየ ዓመት ዓሣው ከሥሩ ተከማችቶ ይቀራል። የፓምፑ መምጠጫ ጫፍ በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ ከገቡ ወዲህ ነጭ ዓሣን ክፉኛ የጎዳው፣ ለመውጣት ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ መዘርጋቱ ነው። መረብና ብርብራ (ዓሣ ለማደንዘዝ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው የዛፍ ፍሬ) ሳይቆሙ የሚተከል ችግኝ ለዓሣው ብዙም አይፈይድለትም።

በእርስዎ መሬት ላይ በእውነት የሚራባው አምባዛ ነው። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ አምባዛ በዚያ ስስ ውኃ ገብቶ እንቁላሉን ሣሩ ላይ ያጣብቃል፤ ውኃው ሞቅ ካለ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሸሽ ጫጩቶቹ በሩዙ መደብ ውስጥ ተከብበው ይደርቃሉ። ስለዚህ ከማሳው ዝቅተኛው ጥግ ወደ ወንዙ የሚወርድ አንድ ቦይ ይኑር፤ አፉም ውኃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ በአፈር አይደፈን። ሁልጊዜ ውኃ የሚተኛበትና ለሩዝም የማይመች ጥግ ካለዎት ደንገልና ሣር ይያዘው። ምርት ያጣሉ የሚል ሥጋት ይገባኛል፣ ግን እንዲህ ያለው ጥግ በደህናውም ዓመት እምብዛም አይሰጥም።

ጎረቤቶችዎ የሚሉትን የአፈር ቁልል አልመክርም። የጉማራም ሆነ የርብ የታችኛው ወለል ላለፉት አሥርት ዓመታት በደለል ከፍ እያለ መጥቷል። ግራ ቀኙን ሲዘጉት ሜዳው ላይ ይሰራጭ የነበረው ደለል ወንዙ ውስጥ ይቀራል፣ ወለሉ ይበልጥ ያድጋል፣ ቁልሉ የተሰበረ ቀን ውኃው ከድሮው በባሰ ጉልበት ይገባል። ወንዙን ማቅናትም ፍጥነቱን ጨምሮ ታች ያለውን ሰው ዳር ያስገምሳል።

የሚገመሰው ዳር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመ በመጀመሪያ ተዳፋት ይደረግ። ከላይ ቬቲቨር የተባለው ሣር፣ ከውኃው ጠርዝ አጠገብ ደግሞ የአኻያ ቁራጭ ይተከል፤ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቢሆን ይሻላል፣ ከግማሹ በላይም መሬት ውስጥ ይግባ። ከኋላው ዶቅማና ሾላ ይከተሉ። ባሕር ዛፍ አይሁን። ከተቻለ ከዳሩ 10 ሜትር ያህል ሳይታረስ ይቀመጥ፤ ሽንኩርት የሚረጩበትን መሣሪያም ከዚያ ወዲያ ወንዙ ውስጥ አይጠቡት፣ ላምዳ-ሳይሃሎትሪንን የመሰለ ፀረ ተባይ በጥቂቱም ቢሆን ዓሣ ይገድላል።

ብዙ ሰው አኻያውን ሰኔ ላይ ይተክልና ሐምሌ ላይ ጎርፍ ነቅሎ ይወስድበታል። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲወርድ፣ ዳሩ ገና እርጥብ ሳለ ይትከሉት፤ እስከሚቀጥለው ክረምት ሥር ይሰዳል። በጋውን ግን ከከብት መጠበቅ አለበት፤ በዚያ ወቅት ሜዳው ላይ ለምለም ሆኖ የሚታየው እሱ ስለሚሆን በእሾህ ይታጠር።