ስለ ጂኦካሺንግ ጠይቁኝ፦ የደረሱኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ

«ጠይቁኝ» ስል ጥያቄው እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላጥራ፦ ከዚህ በታች «ካሽ» ስል ገንዘብ ማለቴ አይደለም። ተደብቆ የሚፈለገው ዕቃ የሚጠራበት ስም ነው፤ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ድምፁ አንድ መሆኑ ብዙ ጀማሪ አጓጉቶ አሳዝኗል።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ስሙን እሰማለሁ እንጂ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከ«ሀ» ጀምርልኝ።

መልስ፦ የትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ በለው። አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ወረቀት ከትቶ የሆነ ቦታ ይሸሽገዋል፤ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስም በድረ ገጽ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጭኖ ይሄዳል። «ኩኩሉ» ቢል «አልነጋም» የሚለው ስለሌለ በዓይኑና በእጁ ይፈልጋል። ሲያገኘው ወረቀቱ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፣ ዕቃውን በነበረበት ይመልሳል፣ ከዚያ በጨዋታው የስልክ መተግበሪያ ላይ «አገኘሁ» ብሎ ይመዘግባል። በቃ፣ ሽልማት የለውም። በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ካሾች እንዲህ ተቀምጠው ሰው ይጠብቃሉ። በየቀኑ በአጠገቡ የምታልፍበት አንድ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ማን ነው ይህን ያመጣው? ሥራ የፈታ ሰው መሆን አለበት።

መልስ፦ ሥራማ ነበረው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እስከ 2000 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ስለነበር በዚያ ቁጥር የተደበቀ ዕቃ መፈለግ የማይታሰብ ነው። ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለው ሰው ኦሪገን ግዛት ውስጥ፣ ቢቨርክሪክ አካባቢ፣ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ዱር ውስጥ አስቀመጠና ቁጥሩን በኢንተርኔት አወጣ። ባልዲው ውስጥ ሶፍትዌር፣ ቪዲዮ፣ መጻሕፍት፣ ገንዘብ፣ ወንጭፍ እና አንድ ጣሳ ባቄላ ነበር። ደንቡ አጭር ነው፦ ጥቂት ውሰድ፣ ጥቂት ተው፣ መዝገቡ ላይ ጻፍ። በ3 ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት።

ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ያ ባልዲ ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነበር፣ ምግብም ነበረበት። ዛሬ ያለ ቦታው ባለቤት ግልጽ ፈቃድ መቅበርም፣ ምግብ ማስቀመጥም ክልክል ነው። የመጀመሪያው ካሽ ዛሬ ለምርመራ ቢቀርብ ይወድቃል ማለት ነው! የጨዋታው ስም በዚያው ወር መጨረሻ ወጣለት፤ በሴፕቴምበር ጄረሚ አይሪሽ የተባለ ሰው የጨዋታውን ድረ ገጽ ሲከፍት በዓለም ላይ የታወቁት ካሾች 75 ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ልዩ መሣሪያ ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃል?

መልስ፦ ስልክህ ይበቃል። ገንዘብህን ለጫማ አድርገው። ገላጣ ሜዳ ላይ ደህና ስልክ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ የደበቀው ሰውም ቁጥሩን ሲወስድ ያንኑ ያህል ስቶ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ የምትፈልገው የአንድ ሰፊ ክፍል ያህል ቦታ ነው እንጂ ነጥብ አይደለም። ረጅም ግንብ ምልክቱን ያነጥረዋል፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያደክመዋል። ቁጥሮቹ በዲግሪና በደቂቃ፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስት ቤት ይጻፋሉ። የኬክሮሱ የመጨረሻ ቤት በአንድ ሲጨምር መሬት ላይ 1.85 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ተሳስተህ ብትገለብጥ ወንዝ ማዶ ልትገኝ ትችላለህ።

የጀማሪ ሁሉ ስህተት እስከ መጨረሻው የመተግበሪያውን ቀስት መከተል ነው። ቀስቱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይልህና እንደ ሰካራም ያዞርሃል። 10 ሜትር ሲቀርህ ስልኩን ኪስህ ክተትና «እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ተፈጥሮ የማትደረድረው የድንጋይ ክምር፣ ከጎረቤቶቹ ይልቅ አዲስ የሆነ ብሎን፣ ግንድ ሥር በጣም የተስተካከለ የእንጨት ቁልል፦ እነዚህን ፈልግ። ደግሞ ጂፒኤሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካርታው ግን ይፈልጋል፤ ቤትህ ሳለህ አውርደው።

ጥያቄ፦ መተግበሪያው ላይ ያለው የካሹ ፍንጭ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆነብኝ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው። እያንዳንዱ የላቲን ፊደል በ13 ቤት ተገፍቶ ተጽፏል፤ 26 ስለሆኑ ሌላ 13 ስትገፋው ይመለሳል። መተግበሪያው ላይ አንዴ ስትነካው ይፈታልሃል። የተደረገው ማወቅ የማይፈልግ ሰው ዓይኑ ሳያስበው እንዳያርፍበት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። «አላገኘሁም» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ዝም ብል ምን አለበት?

መልስ፦ ጻፊው እህቴ። ይህን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ አስረዝሜ የምመልሰው ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

በጨዋታው ቋንቋ «ዲ ኤን ኤፍ» ይባላል፤ «አላገኘሁም» ማለት ነው። ለባለቤቱ ግን ዜና ነው። አምስት ሰው ፈልጎ አጥቶ አምስቱም ዝም ካሉ፣ ባለቤቱ ካሹ ደህና ነው ብሎ ተቀምጧል። ስድስተኛው ሰው ሁለት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ባዶ ጉድጓድ ይዳብሳል። አምስቱ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሄዶ ያየው፣ ስድስተኛውም ሰው ከመነሳቱ በፊት ያስብበት ነበር። እኔ መጀመሪያ ዓመት ላይ ያላገኘኋቸውን አንዱንም አልጻፍኩም፤ መዝገቤ ያማረ ነበር። በኋላ አንድ ባለቤት ካሹ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ሲነግረኝ፣ እኔ በመካከሉ ሄጄ አጥቼው ዝም ማለቴ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ማስታወሻዬን ፈልጌ ሁሉንም ወደኋላ ሄጄ መዘገብኩ።

ስትጽፊ «የለም» አትበይ፤ «አላገኘሁትም» በይ። የለም ለማለት እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። ምን ያህል ጊዜ እንደፈለግሽ፣ አካባቢው ተቆፍሮ ወይም ዛፍ ተቆርጦ እንደሆነ ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ያው ጠያቂ ነኝ። ባላገኘው ጊዜ ሌላ ትንሽ ዕቃ ወረቀት ከትቼ ባስቀምጥና «አገኘሁ» ብልስ? ለቀጣዩም ሰው ይጠቅመው ነበር።

መልስ፦ አይሆንም! ሐሳብሽ ደግ ነው፣ ውጤቱ ግን ዝብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ካሽ እዚያው ነው፤ ያጣሽው አንቺ ነሽ። አሁን ሁለት ሆኑ። ቀጣዩ ሰው ያንቺን ያገኝና ይፈርማል፣ ባለቤቱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ስሙን ሲያጣው ውሸታም ነው ይለዋል። ባለቤቱ ራሱ «እባክሽ ተኪልኝ» ካላለሽ በቀር አታድርጊው።

ጥያቄ፦ ስፈልግ ሰው ያየኛል። ቁጥቋጦ ውስጥ እጄን ከትቼ ምን ልበል?

መልስ፦ ጨዋታውን የማያውቀውን ሰው «ማግል» ይሉታል፤ አስማት የማያውቁ ሰዎች በዚህ ስም ከሚጠሩበት የልጆች ልቦለድ የመጣ ቃል ነው። በአማርኛ ጆሮ ለ«መግል» ስለሚቀርብ እኔ አይስማማኝም፤ «መንገደኛ» እላለሁ።

መንገደኛ ሲበዛ አትፈልግ፤ ቁጭ በልና ስልክ እንደምታወራ ሁን። የምንሸሸገው እኛ ስለምናፍር አይደለም፤ ያየህ ሰው አንተ ስትሄድ መጥቶ ስለሚያወጣው ነው። ካሾች የሚጠፉበት ዋናው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ጥበቃ ወይም ፖሊስ ከጠየቀህ ግን ወዲያው እውነቱን ተናገር፣ መተግበሪያውን አሳየው። ተረት አትፍጠር። እኔ አንዴ «ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው» ብዬ ዋሸሁና ጥበቃው ሩብ ሰዓት ሙሉ አብሮኝ ቁልፍ ፈለገ። ካሹን ደግሞ እሱ ነበር ያገኘው። «ይህ ነው?» ሲለኝ የገባሁበትን ጉድጓድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀልዱን ትተን፣ በ2011 በእንግሊዝ አገር ዌዘርቢ ከተማ አንድ ካሽ ቦምብ መስሎ መንገድ ተዘግቶ በባለሙያዎች ተፈንድቷል። ስለዚህ የምትደብቅ ከሆነ ከውጭ ምን እንደሆነ ጻፍበት፤ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ባቡር ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ወታደራዊ ግቢ አጠገብ ጭራሽ አታስበው።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ለእኔ የሚሆን አለው?

መልስ፦ ሞልቷል፣ እርስዎ ብቻ ቁጥሩን ማየት ይልመዱ። እያንዳንዱ ካሽ ከ1 እስከ 5፣ በግማሽ በግማሽ እየጨመረ፣ ሁለት ነጥብ አለው። አንዱ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ሁለተኛው መንገዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። መንገዱ 1 ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ይደረስበታል። 5 ከሆነ ጀልባ ወይም የገደል መውጫ ገመድ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ይተዉት። በመንገድ 1 ሆኖ በችግር 5 የሆነ ግን አለ፤ ቤትዎ ቁጭ ብለው ለሳምንት የሚፈቱት እንቆቅልሽ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላትዎ እንጂ ጉልበትዎ አይሠራም። (ሁለቱ ነጥቦች ሲጣመሩ 81 ዓይነት ይሆናሉ፤ 81ዱንም ካላገኘሁ እንቅልፍ የለኝም የሚሉ ሰዎች አሉ።)

ጥያቄ፦ ውስጡ ያገኘሁትን መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ እኩያውን ወይም የተሻለውን ከተክህ። ካልያዝክ ፈርመህ ዝጋው። ምግብ፣ መጠጥ፣ ስለት አይገባም፤ ምግብ እንስሳ ይጠራል፣ እንስሳ ደግሞ ክዳን አይመልስም። ወረቀቱና እርሳሱ አይወሰዱም። ትንንሾቹ ካሾች እርሳስ አይችሉምና እስክሪብቶ ከኪስህ አትለይ፤ የጣት ጫፍ በምታክለው ውስጥ ያለውን ጥቅልል ወረቀት ለማውጣት ወረንጦም ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ አግኝቼ ለማስታወሻ ወሰድኩት። ጥሩ ነው?

መልስ፦ ተጓዥ አግተሃል ወዳጄ። «ትራቭል በግ» ይባላል፤ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ «ተጓዥ ነፍሳት» እንደማለት እንጂ በጉን አይደለም። ባለቤት አለው፣ ብዙ ጊዜም ግብ አለው፦ «ባሕር አድርሱኝ» ዓይነት። የሚወሰደው ሌላ ካሽ ውስጥ ለማስገባት ብቻ ነው። ቁጥሩን በድረ ገጹ መዝግብና ባለቤቱ የት እንደደረሰ ይይ፤ በምትኩ ምንም መተው አይጠበቅብህም። የቁጥሩን ፎቶ ግን አታውጣ፣ ያላየው ሁሉ «አየሁት» ይላልና። የዚህ ዓይነት ቁጥር ይዞ ከሁሉም የራቀው ማርስ ላይ ነው፤ በ2021 እዚያ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ የተባለች የናሳ ተሽከርካሪ ይዛዋለች። አንተ ቢያንስ ከመሳቢያህ አውጣው።

ጥያቄ፦ ሦስት ካሽ አግኝቻለሁ። አሁን የራሴን መደበቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሕጉ አይከለክልህም፣ እኔ ግን ቆይ እልሃለሁ። ብዙ አግኝ፤ ውሃ የገባበት፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ ወረቀቱ የሻገተ ሲያጋጥምህ ምን ዓይነት ዕቃ እንደማይሆን እጅህ ያውቀዋል። ከዚያ የቦታውን ባለቤት አስፈቅድ። ከሌላ ካሽ ቢያንስ 161 ሜትር ራቅ፤ ይህ ያልተለመደ ቁጥር የማይል አንድ አሥረኛ ነው። አትቆፍር፣ ዛፍ ላይ ሚስማር አትምታ። ካሹን ከመውጣቱ በፊት በፈቃደኝነት የሚያገለግል ገምጋሚ ያየዋል፤ ቢመልስብህ አትቆጣ፣ ደመወዝ የለውም።

ዋናው ግን ከወጣ በኋላ ነው። ካሽ እንደ በግ ነው፣ ጠባቂ ይፈልጋል። ለሽርሽር ሄደህ ዳግመኛ በማትረግጠው ቦታ አትደብቅ። ደግሞ ሰውን ወደዚያ የምትጠራበት ምክንያት ይኑርህ፦ እይታ፣ ታሪክ፣ ጥላ ያለው ዛፍ። ከቆሻሻ ገንዳ ጀርባ ማግኔት ለጥፎ ሰው የሚጠራ ሰው ምን እንዳሰበ እስካሁን አልገባኝም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው አግኚ መሆን ለምን እንደዚያ ያጣላል?

መልስ፦ «ኤፍ ቲ ኤፍ» ይሉታል። አዲስ ካሽ ሲወጣ ሌሊት በባትሪ የሚሮጡ አሉ። ይፋ ሽልማት የለውም፤ ባዶውን ወረቀት መጀመሪያ መፈረም ነው። ሁለት ሰው እኩል ከደረሰ አብረው ይፈርሙ። የሚያጣላው ጨዋታው አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁሉም «ቲ ኤፍ ቲ ሲ» ብለው ይሄዳሉ። እኔም እንደዚያ ልጻፍ?

መልስ፦ «ለካሹ አመሰግናለሁ» ማለት ነው፤ ስድብ አይደለም። ነገር ግን የደበቀው ሰው ዕቃ ገዝቶ፣ ቦታ መርጦ፣ በዝናብ ማግስት እየሄደ ወረቀት የሚቀይረው በነፃ ነው። የሚያገኘው ክፍያ የምትጽፍለት ነገር ብቻ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምርለት፤ መደበቂያውን ግን አትግለጥ፣ የተከፈተውንም ፎቶ አትለጥፍ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ከእኔ። አንተን ያሸነፈህ ካሽ አለ?

መልስ፦ አለ። የድንጋይ ግንብ ነው፣ ካሹ የጣት ጫፍ ያክላል። ባለፈው ሳምንት አምስተኛውን «ዲ ኤን ኤፍ» ጻፍኩ። ፍንጩ «ዝቅ በል» ነው የሚለው። ዝቅ ብያለሁ፤ ከዚህ በላይ ዝቅ ካልኩ መቆፈር ነው፣ እሱ ደግሞ ክልክል ነው።