ኢንተርን ልትቀበይ ላሰብሽው እህቴ፦ እኔን ያየ ይቀጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። የእንጨትና የቤት ዕቃ ሥራ ቤት አለኝ፣ ዘጠኝ ሠራተኞች አሉኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪ ለተግባር ልምምድ መቀበል ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ ብለሻል። የእኔ ብረታ ብረት ነው፣ ቃሊቲ። ለዚህ ጉዳይ እንጨትም ሆነ ብረት ያው ነው። እስካሁን አራት ዙር ተቀብያለሁ። ያከሰረኝም ያተረፈልኝም አንድ ልጅ ነው፣ እመጣበታለሁ።

1ኛ. ከዩኒቨርሲቲው ዋና ቢሮ አትጀምሪ። እኔ ጀምሬ አይቼዋለሁ። የኢንዱስትሪ ትስስር የሚባለውን ክፍል ሦስት ቀን ተመላለስኩበት። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው ደብዳቤና የንግድ ፈቃድ ኮፒ አምጣ። በሦስተኛው ሁሉንም ይዤ ቀረብኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» አለኝ። ሰባት አልኩት። «እኛ ተማሪ የምንልከው ትልልቅ ፋብሪካ ነው» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። ግብር ከፋይ ነኝ፣ በነፃ ላስተምርላችሁ ብዬ ነው የመጣሁት፣ እንደ ለማኝ ተመለስኩ።

የሚያስቀው ምን መሰለሽ? ስወጣ በሩ ጋ ሦስት ልጆች «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ይዘው ቆመዋል። የምንሠራበት ቦታ አጣን ብለው ወር ሙሉ በየድርጅቱ ሲዞሩ ከርመዋል። እኔ ተማሪ አጣሁ ብዬ ስመላለስ፣ እነሱ ቦታ አጣን ብለው ይመላለሳሉ። እና አንቺ በቀጥታ ወደ ዲፓርትመንቱ ሂጂ። በየዲፓርትመንቱ የኢንተርንሺፕ አስተባባሪ የሚባል መምህር አለ። እሱን ካጣሽው የክፍል ተጠሪውን ተማሪ ፈልጊ። የእኔን ስልክ አንድ ተጠሪ ማታ ቴሌግራማቸው ላይ ለጠፈው፣ ጠዋት ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ።

2ኛ. ጊዜውን ቀድመሽ አጣሪ። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነው፣ ለልምምድ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ፣ ለአንድ ሴሚስተር ነው። አራት ወር ገደማ ማለት ነው። ግን ከኮሮና ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎቹ ካላንደር ተዘበራርቋል፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የሚጀምሩበትንና የሚጨርሱበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበይ። ተመራቂ ተማሪ አትያዢ። የመመረቂያ ፕሮጀክት አለበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ሰውነቱ አንቺ ጋ፣ ልቡ ሞጁሉ ላይ ይሆናል።

3ኛ. እዚህ ጋ ነው እኔ የተቃጠልኩት። ተማሪው ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚይዘው ወረቀት ላይ አስፍሪ። እኔ አላሰፈርኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በልቤ የያዝኩት ነፃ ጉልበት ነበር። ሁለት ልጆች መጡ፣ ሰላም ተባባልን፣ ግቡ አልኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆመው ሲያዩ፣ ሻይ ሲያመጡ፣ ፍቅፋቂ ሲጠርጉ ዋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ ብሎኬት አምራች የነሐስ ቦኮላ (የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ትዕዛዝ ነበረን። ነሐስ ዋጋው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚላጨው ማሽን፣ ባለሙያችን፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፣ ለቅሶ ሄዷል። ደንበኛው በስልክ ይጨቀጭቀኛል። አንደኛውን ልጅ ጠራሁትና «አራት ዓመት ሜካኒካል ተምረሃል አይደል? በል አስነሳው» አልኩት። ልጁ አመነታ። «ጋሼ ይምጣ እንዴ?» አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።

የነሐሱ ዘንግ ውፍረቱ 56 ሚሊ ነው፣ መውረድ ያለበት 52 ላይ ነው። አራት ሚሊ ይነሳል ብሎ ቢላዋውን በሚያስገባው የማሽኑ እጀታ ቁጥር አራት ቆጠረ። የእኛ ቶርኖ ግን አሮጌ ነው። ቁጥሩ አንድ ሚሊ ሲል ቢላዋው አንድ ሚሊ ይገባል፣ ዘንጉ ዙሪያውን ስለሚላጭ ከዲያሜትሩ የሚነሳው ሁለት ነው። አንዳንድ ማሽን ላይ ቁጥሩ በዲያሜትር የተጻፈ ነው፣ ልጁ ግቢያቸው ውስጥ የለመደው እንደዚያ ያለውን ነበር። ዳር እስከ ዳር ላጠው። ማሽኑን አጠፋ፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) አነሳ፣ ለካ። ዘንጉን በጨርቅ ጠረገና እንደገና ለካ። ሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ከቢሮዬ ሆኜ አየሁትና ሆዴ ፈራ። 48 ነው የሚለው። ከዚያ ዘንግ የሚቆረጡት ቦኮላዎች በሙሉ ተበሉ። የዚያን ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ብር መርካቶ ሄጄ አፈሰስኩ።

ጋሼ ማታ ሲመጣ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘው። አልተቆጣውም። ወደ እኔ ዞሮ «ማሽኑን ማን አስነሳው?» አለኝ። ምን ልመልስ?

በማግስቱ ጋሼ ልጁን አጠገቡ አቆመና ተራ ብረት ላይ ሲያስላጠው ዋለ። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን፦ ተማሪ ብቻውን ማሽን አያስነሳም፣ የደንበኛ ዕቃ አይነካም፣ የሚማረው በቁርጥራጭ ነው። በአንቺ ቤት ደግሞ ከቶርኖ የባሰ ነገር አለ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው። ጣት መልሰሽ ከመርካቶ አትገዢም። ኢንሹራንስ ድርጅትሽንም ሳትጠይቂ እንዳታስገቢ። እኔ ስጠይቅ «የደመወዝ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ከሌለ አንሸፍንም» አሉኝ። ተጨማሪ ከፍዬ አስገባኋቸው። ጫማና መነጽርም ከራስሽ ነው፣ ተማሪ በሸበጥ ነው የሚመጣው።

4ኛ ልል ነበር፣ ግን የልጁን ነገር ልጨርስልሽ። ከቦኮላው በኋላ አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። ሥራ ስጡኝም አይልም። አንድ ቀን ላሜራ ቆራጮቹ ጋ ቆሞ ሲጽፍ አየሁት። ለመብራት ሳጥን 64 በ35 ሴንቲ እንቆርጣለን። ላሜራው አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ነው። እኛ ዘላለም ስድስት ነበር የምናወጣው። ልጁ «ስምንት ይወጣል» አለ። ሳቅንበት። መጀመሪያ በቁመቱ 64 ሴንቲ ስንጥቅ አድርጉት፣ ከዚያ አምስት ይወጣል፣ የቀረውን ጠባቡን አዙራችሁ ቁረጡት፣ ሦስት ይወጣል አለ። ቆረጥነው። ስምንት ወጣ። ስንት ዓመት ስንት ላሜራ ለቆርቆሮ ለቃሚ እንደሸጥኩ አስቢው! የነሐሱን ዕዳ በዚያው ወር ከፈለኝ። ሲመረቅ ራሴ ደውዬ ቀጠርኩት። አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያ ቀን ስለ ማሽን ቁጥር የሚያስረዳው እሱ ነው፣ የተበላውን ዘንግም ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ብር ትክፈይ አትክፈይ ላልሽው፣ ደመወዝ አይጠብቁም። ግን ታክሲና ምሳ ቻይላቸው። ባዶ ሆዱን ሁለት ታክሲ ቀይሮ የመጣ ልጅ ከሰዓት በኋላ ማሽን አጠገብ እንዲያንቀላፋ አትፈልጊም። ሴት ተማሪ ከመጣች ደግሞ የሚቆለፍ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ይኑርሽ። እኛ አልነበረንም፣ አንዷ በሁለተኛው ቀን ቀረች፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

መጨረሻ ላይ የግምገማ ቅጽ ያመጡልሻል። ውጤታቸው ውስጥ ስለሚገባ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ አትስጪ፣ የማይሠራውን ከሚሠራው ለዪ። በፖስታ አሽገሽ፣ መታሸጊያው ላይ ፈርመሽ ማህተም አድርጊበት። እኔ አንዴ ማህተሙን ረስቼ፣ ልጁ ግቢው ድረስ ሄዶ «ክፍት ነው፣ አንቀበልም» ብለው መለሱት። ከአዳማ ቃሊቲ ለአንድ ማህተም ሲመጣ ቢሮው ተዘግቶ ነበር፣ ቁልፉን ይዤ ከቤት ተጠራሁ።