መውጫ ሰዓት ብጠይቅ ሰነፍ እባላለሁ?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን ቦሌ አካባቢ ያለ አስመጪ ድርጅት ጠርቶኝ የመጀመሪያውን ኢንተርቪው አልፌያለሁ። ለሁለተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ነይ ብለውኛል። ማስታወቂያቸው ላይ ስለ ሥራ ሰዓት አንድም ነገር የለም፣ «በጫና ውስጥ መሥራት የምትችል» ይላል እንጂ። እኔ ደግሞ ስድስት ኪሎ ማታ ማታ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ክፍል የሚጀመረው 11፡30 ላይ ነው። ልጠይቃቸው ነው ስል አክስቴ «ገና ሳትቀጠሪ መውጫሽን ትጠይቂያለሽ? በቃ ይጥሉሻል» አለችኝ። ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አትበይ፣ ጠይቂ። አክስትሽም ግን ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ገብተሽ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ «ስንት ሰዓት ነው የምወጣው?» ካልሽ፣ ቀጣሪው የሚሰማው ሰዓቱን ሳይሆን መውጣቱን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በሥራው በኩል አምጪው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ለምሳሌ «ወር ሲዘጋና የቫት ሪፖርት ሲደርስ ሒሳብ ክፍሉ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? ዕቃ ከጉምሩክ ሲወጣስ ቅዳሜም ይሠራል? ሰኔ 30 ሲደርስስ?» በያቸው። ይሄ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፣ ሥራውን የምታውቅ ሰው ጥያቄ ነው። የምትፈልጊውን መልስም ታገኚበታለሽ።

መልሱን ደግሞ በደንብ አዳምጪ። «መግቢያ 2፡30፣ መውጫ 11፣ ወር መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀን እናመሻለን» ካሉሽ ጥሩ ነው፣ የሚያወሩትን ያውቃሉ። «እንደ ሥራው ሁኔታ ነው» ካሉሽ «ባለፈው ወር እንዴት ነበር?» ብለሽ ድገሚላቸው። «እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን» ካሉሽማ ጆሮሽን አቁሚ፣ ቤተሰብ ኦቨርታይም ሲከፍል አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የየትኛውንም ቢሮ እውነተኛ መውጫ ሰዓት የሚያውቀው ኤችአር ሳይሆን ጥበቃው ነው። ስትወጪ መታወቂያሽን ስትቀበያቸው ሰላም በያቸውና «ጋሼ፣ ሒሳብ ክፍሎች ማታ ይቆያሉ እንዴ?» በያቸው። እሳቸው በሩን የሚዘጉት የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ስለሆነ መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ደግሞ የሚደብቁበት ምክንያት የላቸውም።

ሕጉንም ይዘሽ ግቢ፣ ኢንተርቪው ላይ ለመጥቀስ ሳይሆን ለራስሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ እሱም ቢሆን አሠሪው ደስ ባለው ቀን የሚያዘው ሳይሆን አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በ1.5 ይባዛል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ለስሌት እንዲመቸን ደመወዝሽ 10,400 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ማለት በወር 208 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ የሰዓትሽ ዋጋ 50 ብር፣ ያመሸሽበት ሰዓት ደግሞ 75 ብር ይሆናል። «ያው ትንሽ ትቆያለሽ» የምትለው ነገር በየሳምንቱ 12 ሰዓት ከሆነች በወር 3,900 ብር ናት። ትንሽ አይደለችም።

ትምህርትሽን የምታነሺው ግን «አልፈሻል» ካሉሽ በኋላ ነው፣ ከመፈረምሽ በፊት። ያኔ እነሱም ስለሚፈልጉሽ ለመደራደር ይመቻል። አታለሳልሺው፦ «ማታ እማራለሁ፣ ክፍል ባለኝ ቀን ከ10፡30 ማለፍ አልችልም፣ ጠዋት ቀድሜ እገባለሁ» በይ። ከቦሌ ስድስት ኪሎ በዚያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ እንዳለ ራስሽ ታውቂያለሽ፣ 11 ላይ ወጥቼ እደርሳለሁ ብለሽ ራስሽን አታታልዪ። እሺ ካሉሽ ውሉ ላይ አንድ መስመር ትግባ። በቃል ብቻ ከተቀጠርሽም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል፣ ሰዓቱ እዚያ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። ገብተሽ ነገሩ ሌላ ሆኖ ካገኘሽውም፣ እስከ 60 የሥራ ቀን በሚሆነው የሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሱፐርቫይዘር ልሆን ነው። «አንተ ማኔጅመንት ስለሆንክ ኦቨርታይም የለህም» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ማዕረጉ ብቻውን አይበቃም። አዋጁ ከሽፋኑ ያስወጣው «የሥራ መሪ» የሚባለውን ነው፣ ማለትም የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን የተሰጠው ሰው። አንተ የካሸሮችን ሺፍት ጽፈህ ማናጀሩ ካላጸደቀው የማይሠራ ከሆነ «መሪ ነህ» መባሉ ያከራክራል። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት የሥራ መዘርዝርህን በጽሑፍ ጠይቃቸው። መቅጠርና ማባረር እዚያ ውስጥ ከሌለ ኦቨርታይሙን እንደገና አንሣው። ካለ ደግሞ ሰዓቱን ትተህ በደመወዙ ላይ ተደራደር።